ደረጃ፣ ሪሚዲያል፣ ማታ ወይስ ርቀት? ከ12ኛ ክፍል በኋላ መንገድ ለሚመርጡ የሰሜን ሸዋ ልጆችና ወላጆች

ባለፈው ጥቅምት ደብረ ብርሃን አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ቆመዋል። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል። ያን ሰሞን የጠዋቱ ውርጭ አይጣል ነበር። ልጁ የላስቲክ ፋይል ታቅፏል። ውስጡ የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትና አራት ጉርድ ፎቶ አለ። ከመንዝ ሌሊት ተነስተው ነው የመጡት። እናትየው ዞር አሉና «አንተ ልጅ፣ ይኼ ደረጃ አራት የሚሉት ከዲግሪ በስንት ያንሳል?» አሉኝ።

የልጁ ውጤት ግማሽ አልሞላም። አንዱ ዘመድ ሪሚዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት ይጠብቅ ብሏል። ሌላው የግል ኮሌጅ ገብቶ ዲግሪ ይጀምር ይላል። አጎቱ ደግሞ ፖሊ ቴክኒክ፣ ማለትም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቶ ኤሌክትሪክ በደረጃ ይማር ባይ ነው። ሦስቱም ለልጁ አስበው ነው። እናትየው ግን ማንን ይስሙ?

እዚያው ቆመን ትንሽ አወራን። መናገር የነበረብኝ አብዛኛው ነገር ትዝ ያለኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ይኼ ጽሑፍ ያ ሳልናገረው የቀረው ነው። እኔ ራሴ በደረጃ ጀምሬ፣ ፋብሪካ ተቀጥሬ፣ ዲግሪዬን በማታ የጨረስኩ ሰው ነኝ። እህቴ በሌላ መንገድ ሄዳ ተጎድታለች። እሱንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ መመዘኛው

«በስንት ያንሳል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ቤተሰብን ያሳስታል። ሁሉም ወረቀት በአንድ መስመር ላይ የተደረደረ ያስመስላል። እኔ ማንኛውንም መንገድ የምመዝነው በአምስት ጥያቄ ነው።

አንደኛ፣ ይህን ስጨርስ ቀጥሎ የትኛው በር ይከፈትልኛል?

ሁለተኛ፣ መሀል ላይ ባቋርጥ ምን ይዤ እወጣለሁ? ይኼኛውን ሰው አይጠይቅም። እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። በእኛ አካባቢ ትምህርት የማይቋረጥበት ቤት የለም። አባት ይታመማል። አዝመራ ይበላሻል። የቤት ኪራይ ይጨምራል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ትምህርት ቤት ራሱ የተዘጋባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ መንገድ ስንመርጥ እስከ መጨረሻ የሚያደርሰውን ብቻ ማየት አይበቃም። ግማሽ መንገድ ላይ የሚያሳርፈውንም ማየት አለብን።

ሦስተኛ፣ በወር ስንት ያስወጣል? የትምህርት ክፍያውን ብቻ አትቁጠሩ። ኪራይ፣ ቀለብ፣ ትራንስፖርትና ልጁ ቢሰራ ኖሮ የሚያገኘው ገንዘብ ሁሉ ወጪ ነው።

አራተኛ፣ ወረቀቱን ቀጣሪውና ቀጣዩ ትምህርት ቤት ይቀበሉታል ወይ?

አምስተኛ፣ ሥራው የት ነው ያለው? እዚሁ ነው ወይስ ርቆ መሄድ ይጠይቃል?

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ግማሽ ነጥብ አለማምጣት የሰነፍ ምልክት ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል። የ2014 ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። የአገሪቱ ልጅ አብዛኛው ያለው ከመስመሩ በታች ነው። ልጃችሁ ብቻውን አልወደቀም።

ደረጃ ማለት ምን ማለት ነው

በኮሌጅ የሚሰጠው የቴክኒክና ሙያ ስልጠና በአብዛኛው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ያለ መሰላል ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ሰውየው ምን ያህል ብቻውን መስራት እንደሚችል ነው። በኤሌክትሪክ ሙያ እንየው። ደረጃ 1 ያለው ቀላልና ተደጋጋሚ ሥራ በሰው ክትትል ስር ይሰራል። ደረጃ 2 ያለው የተለመደውን ሥራ በራሱ ይሰራል። ደረጃ 3 ላይ ሲደርስ ብልሽት ፈልጎ ያገኛል፤ የሚያደርገውንም ራሱ ይወስናል። ደረጃ 4 ሥራ ያቅዳል፣ ሌሎችን ይመራል። ደረጃ 5 ደግሞ አንድ ክፍል ያስተዳድራል።

ሁሉም ሙያ ከ1 አይጀምርም። ሁሉም ኮሌጅም እስከ 5 አያሰለጥንም። ለዚህ ነው ኮሌጅ ስትሄዱ «ትምህርቱ አለ ወይ?» ብላችሁ ብቻ እንዳትመለሱ የምለው። «እዚህ እስከ ስንት ደረጃ ይሰጣል? ቀጣዩን የት እማራለሁ?» በሉ። ወረዳችሁ ያለው ኮሌጅ እስከ ደረጃ 2 ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ቀሪውን ደብረ ብርሃን መጥቶ መጨረስ ሊኖር ነው። ያ ደግሞ ኪራይ ነው።

የድሮውና የአዲሱ ስም ይቀላቀላል። ታላላቆቻችን 12ኛ ጨርሰው ሁለት ዓመት ሲማሩ ዲፕሎማ ይባል ነበር። ቀጥሎ 10+1፣ 10+2፣ 10+3 መጣ። ከዚያ ደረጃ ተባለ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ መለያው የ12ኛው ሆኗል። የሥራ ማስታወቂያ ግን አሁንም «ዲፕሎማ፣ 10+3 ወይም ደረጃ 4» ብሎ ደርድሮ ሲያወጣ ታያላችሁ። ግራ አትጋቡ፤ የሦስት ዘመን ስም ነው። የሚታየው ቁጥሩና የሙያው ስም ነው።

ከስልጠናው 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ነው የታሰበው። ልጁ ተቋም ውስጥ የተማረውን ድርጅት ሄዶ ይሰራዋል። ትብብር ስልጠና የሚባለው ይኼ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከ2011 ጀምሮ አለ። ቢራ ፋብሪካ አለ። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ከዚያ በፊት ጀምሮ ያለ ነው። ልጅ በትብብር ስልጠና የገባበት ቦታ ሰዓት አክብሮ፣ እጁ ታይቶ፣ ስልክ ቁጥሩን ሲቀበሉት ያኔ ነው ሥራ ፍለጋ የጀመረው። እኔም የተቀጠርኩት እንደዚያ ነው።

በቁጥር ሁለት ጥያቄ ብንመዝነው ደረጃን የሚወዳደር የለም። ደረጃ 2 ላይ ብታቆሙ የደረጃ 2 ወረቀት ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ከ3 መቀጠል ትችላላችሁ።

ሲኦሲን ቀላል አትበሉት

ከኮሌጁ የሚሰጠው ሰርተፊኬት ብቻውን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የሙያ ብቃት ምዘና ነው። ሰው ሁሉ ሲኦሲ ነው የሚለው። የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። የሚመዝናችሁ ያስተማራችሁ መምህር አይደለም። ውጤቱ ኤ ወይም ቢ አይባልም፤ ብቁ ወይም ገና ብቁ ያልሆነ ነው። ለየደረጃው ለየብቻ ትፈተናላችሁ። ሲኦሲ የሌለውን ተመራቂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይቀጥርም፤ ብዙ የግል ድርጅትም ይጠይቀዋል። ዲግሪ ለመቀጠል ስትሄዱም መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ምዘናዬ ላይ የተሰጠኝ ሥራ ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ አንድ መብራት መዘርጋት ነበር። ፎቅ መወጣጫ ላይ የሚገጠመው ዓይነት። ከታች አብርተህ ከላይ ታጠፋለህ። ሰሌዳው ላይ ሽቦውን ሳብኩ፣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን አሰርኩ፣ መብራቱ በራ። ደስ ብሎኛል። መዛኙ ግን አንድ ግንኙነት እንዳስተካክል ነገረኝ። ፊቴን አዙሬ ፒንሳዬን አነሳሁና በቀጥታ ሽቦውን ያዝኩ። የኤሌክትሪክ ማቋረጫውን አላጠፋሁትም። እሱ ቀድሞ አጥፍቶት ነበር። ቅጹ ላይ ጻፈ። ገና ብቁ ያልሆነ።

ያን ቀን አዝኜ ነበር። ዛሬ ትክክል እንደነበረ አውቃለሁ። መብራት ማብራት አንድ ነገር ነው፤ ሳይሞቱ ማብራት ሌላ። ተዘጋጅቼ ድጋሚ ተመዘንኩና አለፍኩ። ልጃችሁም አንዴ ባያልፍ መንገዱ አልተዘጋም።

ሪሚዲያልና ዲግሪ

ሪሚዲያል በ2015 ነው የተጀመረው። ግማሽ ነጥብ ያልሞላላቸው፣ ግን በዓመቱ ከተቆረጠው ነጥብ በላይ ያሉ ተማሪዎች ጥቂት ወራት ይማራሉ፤ ይፈተናሉ። 50ና ከዚያ በላይ ያመጣ አንደኛ ዓመት ይገባል።

ጥሩ ዕድል ነው። ነጥቡ ለተቆረጠው የደረሰ ልጅ ይሞክረው። ነገር ግን አንድ ነገር ይታወቅ። ሪሚዲያል በራሱ ማስረጃ አይደለም። ያላለፈ ልጅ የሚይዘው ወረቀት የለም። ካለፈም ገና በሩ ላይ ነው። ፍሬሽማን አለ። ዲፓርትመንት ምርጫ አለ። አማካይ ውጤቱ ከ2.00 እንዳይወርድ መጠበቅ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። በመንግሥትም በግልም የተማረ 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ብዙው ትምህርት አራት ዓመት ነው፤ ምህንድስናና ሕግ አምስት፣ ሕክምና ከዚያም በላይ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠ ልጅ በእጁ ያለው የውጤት ዝርዝር ብቻ ነው። ቀጣሪ በሱ አይቀጥርም። ይኼን ስል ዲግሪን ላጣጥል አይደለም። ዲግሪ ለሐኪምነት፣ ለምህንድስና፣ ለሕግ፣ ለምርምር ያለ እሱ የማይገባበት በር ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ከተከፈተ ወዲህ የስንቱ ገበሬ ልጅ መሐንዲስና ሐኪም ሆኗል። ልጁ ፍላጎቱ እዚያ ከሆነና ነጥቡ ከደረሰ አታስቀሩት።

ወጪው ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ዶርምና ካፌ አለው። ወጪ መጋራት ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ክፍያው ትንሽ ነው፤ መኝታና ምግብ ግን በራስ ነው። ስለዚህ ከገጠር ለሚመጣ ልጅ በየወሩ ከቤት የሚወጣው ገንዘብ ከዲግሪው ይልቅ ለደረጃ 4 ሊበዛ ይችላል። ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ዱቄትና ሽሮ ከቤት አምጥተው፣ ተራ በተራ እየጋገሩ የሚማሩ ልጆች ደብረ ብርሃን ሞልተዋል። አጎቱ «ፖሊ ቴክኒክ ነፃ ነው» ካላችሁ ኪራዩን ማን እንደሚከፍል እዚያው ተነጋገሩ።

የግል ኮሌጅ ዲግሪ ደግሞ ክፍያም ኪራይም አለው። ይህን ከመጀመር በፊት የእውቅናውን ክፍል ከታች አንብቡ።

ስለ ድጋሚ መፈተን አጭር ነገር ልበል። በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ እንደገና መቀመጥ ይቻላል። ለጥቂት ነጥብ ያጣ ልጅ ከሆነ እደግፈዋለሁ። ብዙ ከጎደለው ግን ዓመቱን ቤት ቁጭ ብሎ ከሚያሳልፍ ደረጃ እየተማረ ይፈተን።

ከደረጃ ወደ ዲግሪ መሻገር

አዎ፣ ይቻላል። ለእናትየው መጀመሪያ የነገርኳቸው ይኼን ነው። ደረጃ 4 ወይም 5 ጨርሶ ሲኦሲውን ያለፈ ሰው በተዛማጅ ትምህርት ዲግሪ መጀመር ይችላል። ቃሏን አስምሩባት። ተዛማጅ። በሂሳብ አያያዝ ደረጃ 4 ያለው አካውንቲንግ ይቀጥላል። የመግቢያ ፈተናውና የሥራ ልምድ መስፈርቱ በየጊዜው በመመሪያ ይቀየራል። ስለዚህ የታላቅ ወንድማችሁን ሳይሆን የዘንድሮውን ማስታወቂያ ነው የምታነቡት። በሙያው አሰልጣኝ መሆን ለሚፈልግ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የቴክኒክና ሙያ ማሰልጠኛ ኢንስቲትዩት አለ።

ይህ መንገድ ረጅም ነው። እኔ ከደረጃ 1 እስከ ዲግሪ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል። ከዘጠኙ ስድስቱን ግን ደመወዝ እየበላሁ ነው ያሳለፍኩት።

ማታ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ክረምት፣ ርቀት

እነዚህ የመማሪያ ጊዜዎች እንጂ የተለያዩ ወረቀቶች አይደሉም። በማታ የተማረና በቀን የተማረ የሚይዙት ዲግሪ አንድ ነው። ልዩነቱ ማን ይችለዋል የሚለው ነው።

ማታ ለከተማ ሠራተኛ ነው። እኔ ከፋብሪካ 11 ሰዓት ላይ እወጣለሁ። 11 ተኩል ክፍል አለ። እስከ ምሽቱ 2 ተኩል። ከባዱ ትምህርቱ አልነበረም፤ ሺፍቱ ነበር። የከሰዓት ሺፍት የደረሰኝ ሳምንት ክፍል አልገባም። መጨረሻ ላይ ከባልደረባዬ ጋር ተስማማን። እሱ የእኔን ከሰዓት ይሰራል፣ እኔ የሱን ሌሊት። ለአለቃችንም በጽሑፍ አሳወቅን። ፋብሪካ የምትሰሩ ከሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ከተመዘገባችሁ በኋላ ሲሆን ወይ ሥራው ወይ ክፍያው ይባክናል።

ቅዳሜና እሁድ ለደብረ ሲና፣ ለጫጫ፣ ለደነባ ሰው ይመቻል። አርብ ማታ ወይ ቅዳሜ ሌሊት ይመጣል፣ እሁድ ይመለሳል። ትራንስፖርቱንና የአንድ አዳር ወጪውን በዓመት አባዝታችሁ ደምሩት። አንዳንዴ ከትምህርት ክፍያው እኩል ይመጣል።

ክረምት በዋናነት የመምህራን ነው። ሰኔ ትምህርት ሲዘጋ ይገባሉ።

ርቀት ሞጁል ተቀብሎ፣ ቤት አንብቦ፣ አሳይመንት ሰርቶ፣ በቀጠሮ ቀን መጥቶ መፈተን ነው። ለአካውንቲንግ፣ ለማኔጅመንት ዓይነት ይሆናል። እጅ የሚጠይቅ ሙያ በርቀት አይሆንም። ነርስነት፣ ላቦራቶሪ፣ መካኒክነት በርቀት እናስተምራለን የሚላችሁ ሰው ካለ ሽሹት። ርቀት በራሱ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። አለም ከተማ ወይም መሐል ሜዳ ተቀምጣ ልጅ የምታሳድግ እናት ሌሊት ሌሊት አንብባ ስትጨርስ አይቻለሁ። የ19 ዓመት ልጅ ግን ሞጁሉን አልጋ ስር አስቀምጦ ሁለት ዓመት ሲያሳልፍም አይቻለሁ። ልጃችሁ ማንም ሳያዘው መጽሐፍ የሚያነሳ ነው? መልሱን እናንተ ታውቁታላችሁ።

በየትኛውም ሰዓት ብትማሩ፣ ማቋረጥ ሲመጣ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ሬጅስትራር ሄዳችሁ የዊዝድሮዋል፣ ማለትም ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ ሙሉ። ክሊራንስ ጨርሱ። ቅጂውን ያዙ። ይህን ያደረገ ሰው ሲመለስ የተማረው ይታሰብለታል። ሳይሞላ የጠፋ ግን ኤፍ ተደርድሮበት ይጠብቀዋል። አንድ ቅጽ ነው። ግማሽ ቀን አይፈጅም።

እውቅና፦ ሁለት ዓመት የበላ ጥያቄ

እህቴ ቅዳሜና እሁድ ዲግሪ ጀመረች። ኮሌጁ ስም አለው፤ እውቅናም አለው። ግድግዳው ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። ሁለት ዓመት ከፈለች። ከዚያ መሥሪያ ቤቷ ማስረጃዋን ሲያጣራ እውቅናው የዋናው ካምፓስ ሆኖ ተገኘ። እሷ የምትማርበት ቅርንጫፍ በወረቀቱ ላይ የለም። ሌላ ኮሌጅ ሄዳ ከመጀመሪያ ጀመረች። የከፈለችው ብር አልተመለሰም። ከብሩ በላይ ያመማት ግን በየሳምንቱ እሁድ ልጇን ጎረቤት ጥላ የሄደችበት ጊዜ ነው።

እውቅና ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም። ለካምፓሱ፣ ለትምህርት ዓይነቱና ለመርሃ ግብሩ ለየብቻ ነው። በቀን ለማስተማር የተፈቀደለት በርቀት ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ደብዳቤው ላይ አራት ነገር በጣታችሁ እየነካችሁ አንብቡ። የካምፓሱ ከተማ፣ የትምህርቱ ስም፣ መደበኛ ነው ወይስ ማታ ወይስ ርቀት፣ የሚያበቃበት ቀን። ለዲግሪ የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣንን፣ ለደረጃ ደግሞ የክልሉን የሥራና ስልጠና መዋቅር በዞን ወይም በከተማ ጠይቁ። «ፎቶ ላንሳው?» በሉ። የሚደብቀው ነገር የሌለው ኮሌጅ አይከለክላችሁም።

ክፍል ሳይገቡ ሙያ ለያዙ

ስለዚህኛው መንገድ የሚያወራ ሰው ትንሽ ነው። ለእኛ አካባቢ ግን ከሁሉም የሚጠቅመው ይመስለኛል።

ሸዋ ሮቢት የማውቀው መካኒክ አለ። ከ9ኛ ክፍል ነው የወጣው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጋራዥ ነው ያደገው። የውኃ ፓምፕ ሞተር ድምፁን ሰምቶ የቱ ቫልቭ እንደላላ ይነግርሃል። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ሁሉ ይጠራዋል። አንድ ፕሮጀክት በደህና ደመወዝ ሊቀጥረው ፈልጎ ወረቀት ጠየቀው። ወረቀት የለውም።

ምዘናው ግን የተማራችሁበትን ቦታ አይጠይቅም፤ ሥራውን መቻላችሁን ነው የሚያየው። በልምድ የሰራ ሰው ተመዝግቦ መመዘን ይችላል። እሱም ደረጃ 2 ተመዘነ። ተግባሩን ያለ ችግር አለፈ። ያስጨነቀው ጽሑፉ ነበር፤ የመሣሪያዎቹን ስም በእንግሊዝኛ አያውቃቸውም። የጎረቤት ተማሪ ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ ስም አስጠናችው። አለፈ። በዓመቱ ደረጃ 3 ጨመረ።

ግንበኛ፣ አናጺ፣ ልብስ ሰፊ፣ ፀጉር ሠሪ፣ ሆቴል ቤት ምግብ የምታበስል ሴት ሁሉ በዚህ በር መግባት ትችላለች። የሚያስፈልገው ከወረዳው የሥራና ስልጠና ጽሕፈት ቤት ወይም ከቅርብ ኮሌጅ ሄዶ የሙያውን መስፈርት ዝርዝር መውሰድ ነው። ዝርዝሩ ምን ምን እንደሚጠየቅ ይናገራል። የጎደለውን አይቶ እሱን ብቻ በአጭር ስልጠና መሙላት ይቻላል። የአጭር ስልጠና ወረቀት ብቻውን ግን ደረጃ አይደለም። ምዘናው ነው ደረጃ የሚያደርገው።

በአንድ እይታ

| መንገድ | ጊዜ | የወጪው ዓይነት | መሀል ላይ ቢቆም | ቀጣዩ በር |
|---|---|---|---|---|
| ደረጃ 1–2 | አጭር፣ እንደ ሙያው | ትንሽ ክፍያ፣ ኪራይና ቀለብ በራስ | ያለፉት ደረጃ ወረቀት አለ | ሥራ፣ ደረጃ 3 |
| ደረጃ 3–5 | እንደ ሙያው ከዚያ የረዘመ | እንደ ላይኛው | ያለፉት ደረጃ ወረቀት አለ | ሥራ፣ ተዛማጅ ዲግሪ |
| ሪሚዲያል | ጥቂት ወራት | እንደ ተቋሙ | ምንም | አንደኛ ዓመት |
| ዲግሪ፣ የመንግሥት መደበኛ | 4 ዓመትና በላይ | ወጪ መጋራት፣ ዶርምና ምግብ አለ | የውጤት ዝርዝር ብቻ | ሥራ፣ ማስተርስ |
| ዲግሪ፣ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ | ከመደበኛው የረዘመ | ክፍያ፣ ትራንስፖርት፤ ደመወዝ አይቋረጥም | የውጤት ዝርዝር ብቻ | ከመደበኛው እኩል |
| ርቀት | በተማሪው ጥንካሬ | ክፍያ፣ የፈተና ጉዞ | የውጤት ዝርዝር ብቻ | ከመደበኛው እኩል፣ እውቅና ካለው |
| የልምድ ምዘና | ዝግጅቱ ሳምንታት | የምዘና ክፍያ | የሚያጡት የለም | ደረጃው የሚከፍተው ሁሉ |

ለማን የቱ

ነጥቡ ለሪሚዲያል የደረሰ፣ ማንበብ የሚወድ፣ ቤተሰቡም ለጥቂት ዓመት ያለ እሱ ጉልበት መኖር የሚችል ልጅ ሪሚዲያል ይግባ። ባይሳካ የት እንደሚሄድ ግን አሁኑኑ ተነጋገሩ። «ካላለፍክ ደረጃ ትገባለህ» መባሉ ተስፋ ማስቆረጥ አይደለም። ልጁ ሲመለስ አንገቱን ሳይደፋ እንዲመለስ ያደርገዋል።

ቶሎ ገንዘብ መላክ ያለበት የቤት ታላቅ ከሆነ ደረጃ። በጭራሽ አላመነታም። አካባቢው ሥራ ያለበትን ሙያ ይምረጥ። ኤሌክትሪክ፣ የማሽን ጥገና፣ ብየዳ ለደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ይሆናል። ምንጃር፣ ቀወትና ኤፍራታ አካባቢ ላለ ልጅ የእርሻ መሣሪያና የፓምፕ ጥገና አስቡ።

ኪራይ መክፈል የማይችል ቤተሰብ ከሆነ፣ ደረጃ 1ና 2 በወረዳው ባለው ኮሌጅ ከቤት እየተመላለሰ ይጨርስ። ሠርቶ በራሱ ገንዘብ ደብረ ብርሃን ይምጣ።

ጤና ወይም መምህርነት የሚፈልግ ደብረ ብርሃን የጤና ሳይንስ ኮሌጅም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም አላት። ቅበላቸው የክልሉን ኮታና ማስታወቂያ ይከተላል። ስለዚህ ማስታወቂያው የሚለጠፍበትን ሰሞን እንዳያመልጣችሁ።

ሥራ ላይ ያለ፣ ደመወዙን መተው የማይችል ሰው ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ ይማር። ልጅ ላላት፣ ከከተማ ለራቀች፣ ለጠንካራ አንባቢ ርቀት።

ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ለግል ዲግሪ ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ያስብ። ልጁ የመውጫ ፈተናውን ያልፋል ወይ? ኮሌጁ ያለፉት ዓመታት ተፈታኞቹ ስንት እንዳለፉለት ጠይቁ። የሚነግሯችሁ ቁጥር ነው ወይስ ወሬ?

እናትየውን ስሰናበት «ጻፍልኝ፣ እዚያ ስደርስ ይጠፋኛል» አሉኝ። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ቁራጭ ወረቀት ተቀበልኩ። ሦስት መስመር ጻፍኩ። እስከ ስንት ደረጃ ትሰጣላችሁ? ሲኦሲ መቼና የት ይፈተናል? ቢያቋርጥ ተመልሶ ከየት ይጀምራል? ልጁ ወረቀቱን ድምፅ አውጥቶ አንብቦላቸው ፋይሉ ውስጥ ከውጤቱ ፊት አስገባው። እናትየው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ኮሌጁ በር መንገድ ጀመሩ።